ለጋሼ፦ በስልክ ለጠየቁኝ ጥያቄ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራውም ብርዱም ያው ነው፤ ስለሱ የማወራው የለኝም። እማዬንና ልጆቹን ይሳሙልኝ።

ባለፈው ስናወራ እማዬ ከክፍሉ እስክትወጣ ጠበቁና፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ እግዚአብሔር እኔን የሚምረኝ ይመስልሃል?» አሉኝ። አፌን ሳልከፍት እማዬ ተመለሰች መሰለኝ፣ ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞሩት። በደብዳቤ ልመልስልዎ ብዬ ነው።

ነገሩን አውቀዋለሁ ጋሼ። በቤቱ ክርክር በወንድምዎ ላይ ቆመው በሐሰት የመሰከሩት ነው። እቤት ውስጥ ባይነሳም እኛ ልጆቹ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ስለዚህ «ኧረ እርስዎ ምን አደረጉና!» አልልዎትም። እንደዚያ ባቃልለው አያምኑኝም፤ ሌሊት ሲነቁም ያው ፍርሃት ቁጭ ብሎ ይጠብቅዎታል።

ፍርሃቱ ደግሞ ከንቱ አይደለም። ዳዊት ራሱ፣ ኃጢአትን ብትጠባበቅማ ማን ይቆማል ብሏል። እርስዎ በሚደግሙት 129ኛው መዝሙር ነው፣ በሌላው አቆጣጠር 130ኛው። እርስዎ እዚያች ጥያቄ ላይ ቆመው የቀሩ ይመስለኛል። የሚቀጥለው መስመር ግን «ይቅርታ ከአንተ ዘንድ ነውና» ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ ካላነበቧቸው ሰው ወይ ፍርዱን ይንቃል፣ ወይ ተስፋ ይቆርጣል።

እኔም ዳኛ ፊት ቀርቤ አውቃለሁ፤ የጥገኝነት ጉዳዬ የታየ ዕለት። ጠረጴዛው ላይ የድምፅ መቅጃው ቀይ መብራት በርቷል። ዳኛዋ ዓይኗን ከፋይሉ ላይ አታነሳም። አስተርጓሚው ውኃ ቀድቶ ሰጠኝ፣ እኔ ግን እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ብርጭቆውን ማንሳት ፈራሁ። ከእኔ በፊት ያለፉበት ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ምክር ነበር የሰጡኝ፦ «ያልተጠየቅከውን እንዳትናገር። አንዲት ቀን ከተምታታችብህ አለቀልህ።» እውነታቸውን ነው። እዚያ ሰው የሚድነው በማስረጃ ነው። ጥፋቱን የተናገረ በገዛ አፉ ይያዛል።

የላይኛው፣ የእግዚአብሔር ችሎት ግን ግልባጩ ነው። እዚያ የሚጎዳው የሸፈነው ሰው ነው። ዮሐንስ በመጀመሪያው መልእክቱ «በኃጢአታችን ብንናዘዝ ኃጢአታችንን ይቅር ሊለን ከዓመፃም ሁሉ ሊያነጻን የታመነና ጻድቅ ነው» ይላል። የሚምረን ፍትሕን ረግጦ ወይም ፋይሉን ደብቆ አይደለም። ዋጋው በመስቀል ላይ ስለተከፈለ ነው። እርስዎ ደግሞ ለንስሐ አባትዎ ተናዘዋል፤ እማዬ ነግራኛለች፣ እንዳይቆጧት።

ዳኛው ማን እንደሆነም አይርሱ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ፣ አብ ፍርድን ሁሉ ለወልድ እንደሰጠው ተጽፏል፤ ምክንያቱም የሰው ልጅ ስለሆነ ነው ይላል። ይህ ሰው ራሱ ተከስሶ ያውቃል። በሊቀ ካህናቱ ሸንጎ የሐሰት ምስክሮች ነበር የቆሙበት። እውነቱን ልንገርዎትና፣ መጀመሪያ ይህን ሳስብ ስለ እርስዎ ፈራሁ። በሐሰት የመሰከረ ሰው ሄዶ ሄዶ በሐሰት የተመሰከረበት ዳኛ ፊት ይቆማል! ከዚያ ግን ያው ሰው ሲሰቀል ምን እንዳለ ትዝ አለኝ። «አባት ሆይ፥ የሚያደርጉትን አያውቁምና ይቅር በላቸው» ነው ያለው። የተበደለውም ዳኛውም እሱ ነው። ይህን በደል ይቅር ለማለት ከእሱ የበለጠ መብት ያለው ማነው?

ፈያታዊ ዘየማንን፣ ከጌታ በስተቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ ይመልከቱ። ያ ወንበዴ ፍርዱ ተዛባብኝ አላለም። እኛስ የሚገባንን ነው የተቀበልነው ብሎ አመነ። ከዚያ «አስበኝ» አለ። የሚጾምበት ቀን የለው፣ የሚመጸውተው ሳንቲም የለው፣ የዘረፋቸውን ሰዎች ሄዶ ይቅርታ የሚጠይቅበት ጊዜ የለው። የተሰጠው መልስ «ዛሬ» የሚል ነው። ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ።

እርስዎ ግን ጋሼ፣ እጅዎ አልተቸነከረም።

ወንድምዎ በሕይወት አለ። ይህን ስል የምሕረቱ ዋጋ እርቁ ነው ማለቴ አይደለም። ዘኬዎስን ጌታ መጀመሪያ ከዛፍ አውርዶ እቤቱ ገባለት፤ «የቀማሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ያለው ከዚያ በኋላ ነው። እርስዎም ምሕረቱን ተቀብለው ነው የሚሄዱት። ሊገዙት አይሄዱም።

«እሱም እኮ በድሎኛል፣ እሱ ይምጣ» እንደሚሉ አውቃለሁ። ሲሉም ሰምቼዎታለሁ። በማቴዎስ 18 ላይ ያለውን ያን ባለዕዳ ያስታውሱታል? ንጉሡ የተወለት 10,000 መክሊት ነው። እሱ ጓደኛውን ያነቀው በ100 ዲናር። ዲናር የአንድ የቀን ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነበር፣ መክሊት ደግሞ ወደ 6,000 ዲናር ይሆናል። ሥራ ላይ በእረፍት ሰዓቴ በስልኬ አሰላሁት። የጓደኛው ዕዳ የሦስት ወር ደመወዝ ቢሆን ነው፤ የእሱ የራሱ ግን የ60 ሚሊዮን ቀን ሥራ ነው። ሰውየው ሺህ ጊዜ ቢወለድ ከፍሎ አይጨርሰውም። አጎቴ የበደለዎት ነገር ቀላል ነው አላልኩም። የሦስት ወር ደመወዝም ቢሆን ያማል። ግን የሒሳቡ ልክ ይኸው ነው።

እንግዲህ ልለምንዎት። አጎቴ ዘንድ ይሂዱ። ጉልበትዎ እምቢ ካለ ይደውሉለት፤ ቁጥሩን ከልጁ ተቀብዬ ለእማዬ ልኬያለሁ። ጆሮው ደክሟል አሉ፣ ጮክ ብለው ያውሩት። ክርክሩን ከሥሩ አይጀምሩት። ማን ምን እንዳለ፣ የትኛው ግድግዳ የማን እንደነበር ይቅር። «በሐሰት መስክሬብሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» ይበሉት፣ በቃ። ስልኩን ቢዘጋብዎትስ? ይዝጋ። እግዚአብሔር እርስዎን ለመማር አጎቴ እስኪበርድለት አይጠብቅም። ሲረጋጋ ደግመው ይደውሉለት።

ስለ ቤቱም አንድ ነገር ልበል። ከወራሾቹ አንዱ እኔ ነኝ። ለአጎቴ የሚመለስ ነገር አለ ብለው ካመኑ፣ ልጆቼ ምን ይበሉ ብለው አይጨነቁ። የእኔን ድርሻ ትቻለሁ፤ ውክልናውን እዚህ ኤምባሲ አስጨርሼ እልካለሁ። ወንድሞቼን እኔ አናግራቸዋለሁ። ትንሹ መጀመሪያ ማጉረምረሙ አይቀርም፣ ለእኔ ይተዉልኝ።

እሑድ ማታ እደውላለሁ። እማዬ እንዳትሰማ ከፈለጉ ቀደም ብለው ሚስኮል ያድርጉልኝ።

ልጅዎ