ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ፦ ክረምቱን ልጆቹ ከእናንተ ጋር ናቸው

ለትምህርት ቤታችን ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ፣

እንደምን ከረማችሁ? ልጆቹ ፈተና ጨርሰዋል። ካርድ የሚሰጥበትን ቀን የክፍል ኃላፊ መምህራን ነግረዋችኋል። ይህ ደብዳቤ ስለ ውጤት አይደለም፤ ስለ ክፍያም አይደለም። ከሁለት ሳምንት በፊት በግቢያችን አንድ ነገር ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጽፍላችሁ እያሰብኩ ሰነበትኩ።

በእረፍት ሰዓት ከኋላው አጥር በኩል ጩኸት ሰማሁ። ስደርስ የሦስተኛ ክፍል ልጆች ተሰብስበው ድንጋይ ይወረውራሉ። ቁጥቋጦው ሥር አንዲት እስስት ወድቃለች። ጎኗ ተጨፍልቋል። አንዱ ዓይኗ ግን አሁንም ይዞራል። ልጆቹን አውቃቸዋለሁ፤ ክፉዎች አይደሉም። "ለምን መታችኋት?" አልኳቸው። አንዱ "ቲቸር፣ መርዝ አላት፤ እማዬ ነግራኛለች" አለኝ። ሌላዋ "ከተፋችብን እንታወራለን" አለች።

እስስት መርዝ የላትም። ተፍታም ሰው አታሳውርም። ሁለቱ ዓይኖቿ ለየብቻ ይዞራሉ፤ አንዱ ወደ ፊት ሲያይ ሌላው ወደ ኋላ ያያል። ምላሷ ተዘርግቶ ከራሷ አካል ይረዝማል። በዚያ ምላስ ነው ዝንብና ፌንጣ የምትለቅመው። ይህን ሁሉ ያን ቀን ክፍል ገብቼ ነገርኳቸው። በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ የወረወረው ልጅ ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። "ቲቸር፣ ሌላ ትኖራለች?" አለኝ።

ያ ልጅ እስስትን መፍራት ከመጽሐፍ አልተማረም። ከእኛ ከትልልቆቹ ነው የተማረው። "አትንካ፣ ይበላሃል!" "ተይ፣ ቆሻሻ ነው!" "ና ግባ፣ ጭቃ ነው!" እነዚህን ቃላት በቀን ስንት ጊዜ እንደምንላቸው አስቡት። እኔም እናት ነኝ፤ እኔም ብያቸዋለሁ። ልጄ አራት ዓመት ሲሆነው የምድር ትል በእጁ ይዞ ሊያሳየኝ መጣ። ጮህኩበት። ትሏን ጣላት። ከዚያ በኋላ ምንም ነገር ይዞልኝ አልመጣም። ያ ትል አፈሩን እየቆፈረ አየርና ውሃ እንዲገባበት የሚያደርግ፣ የገበሬ ባልደረባ እንደሆነ ብነግረው ኖሮ ስንት ነገር ያሳየኝ ነበር!

እኛ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ሳይንስ እናስተምራለን። የተፈጥሮ ክበብም አለን። ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚሰማውን ግን በዚያ ልንሽረው አንችልም። የምለምናችሁ ይህን ነው፦ በዚህ ክረምት ልጆቹ ከአፈር፣ ከዛፍና ከወፍ ጋር በእናንተ በኩል ይተዋወቁ። የሚገዛ ነገር የለም። ሰፈራችን ቱሉ ዲምቱ ራሱ ይበቃል። በአንድ በኩል ኮንዶሚኒየም፣ በሌላ በኩል እስከ ዛሬ ጤፍ የሚዘራበት ማሳ አለን። መሀል ከተማ ያለ ልጅ ይህን አያገኝም።

"አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው፤ ቦታ የት አለን?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የተቀደደ ጀሪካን አለ? አፉን ቁረጡትና ታችውን ብሱት። አፈር ሙሉበትና በረንዳ ላይ ጤና አዳም ትከሉ። ቃሪያም ይሆናል፤ ጎመንም ይሆናል። ማጠጣቱን ለልጁ ተዉለት። ቡና ሲፈላ "ሂድና ጤና አዳም ቁረጥ" ተብሎ የሚላክ ልጅ ያን ተክል አይረሳውም። በዚያው የድንች ልጣጭና የጎመን ግንድ ከሌላው ቆሻሻ ለዩ። ከከተማችን ቆሻሻ ትልቁ ድርሻ እንዲህ ያለ የሚበሰብስ ነገር ነው። ከአፈር ጋር እያነባበራችሁ ብትተዉት ጥሩ ማዳበሪያ ይወጣዋል። ልጁ በየሳምንቱ ገልጦ ይየው። ልጣጭ ወደ አፈር ሲለወጥ በዓይኑ ማየት ከእኔ ትምህርት ይበልጣል።

አሁን ስለ ችግኝ ላውራችሁ፤ በዚህ ጉዳይ ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ሐምሌ 22 ቀን ብቻ በመላ አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ በመንግሥት ተነግሯል። ከዚያ ወዲህ ሐምሌ በመጣ ቁጥር እኛም እንተክላለን። ፎቶ እንነሳለን፤ ልጆቹም ደስ ይላቸዋል። ጥር ላይ ስንመለከት ግን አብዛኛው ደርቋል። የአካባቢያችን አፈር ጥቁር መረሬ ነው። በክረምት ጫማ ያስቀራል፤ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ የችግኙን ሥር ይበጥሳል፤ የቀረውንም ፀሐይ ያገኘዋል። መትከሉ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ማሳደጉ ግን ከኅዳር እስከ ግንቦት ነው፤ ያኔ ደግሞ ፎቶ የሚያነሳ የለም።

ዘንድሮ በበሩ አጠገብ ካሉት ችግኞች አንዷ ለምልማ ቀረች። ወይራ ናት። ለብቻዋ እንዴት እንደተረፈች ገርሞኝ ዘበኛችንን ጠየቅኩት። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ጠዋት ጠዋት በሃይላንድ ውሃ ይዛ እንደምትመጣ ነገረኝ። ጠብቄ አየኋት። ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። ቁጭ ብላ ውሃውን ከሥሯ በቀስታ አፈሰሰች። ከዚያ የደረቀውን ሣር መልሳ ከለበሰችላት። "ሣሩን ማን አሳየሽ?" ብላት፣ "አያቴ፤ እንደ ቄጠማ ጎዝጉዢላት አለችኝ" አለች። ውሃው ጎመን የታጠበበት ነው። ለዚህ ቧንቧ አይከፈትም፤ ለልጅቷ ቤተሰብ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። አያትየው ዲግሪ የላቸውም። የአፈሩን ጠባይ ግን ያውቁታል፤ ጉዝጓዙ እርጥበት ይይዛል፤ መሬቱም እንዳይሰነጠቅ ያደርጋል። እንዲህ ያሉ አያት በየቤታችሁ አሉ። ልጆቹን አጠገባቸው አስቀምጡልኝ። ግራዋ የወተት ዕቃ እንደሚታጠብበት፣ የወይራ ጭስ እንደሚታጠንበት፣ ዳማ ከሴ ለምን እንደሚታሽ ይንገሯቸው።

ይህ እውቀት ትንሽ እንዳይመስላችሁ። እንዶድን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እናቶቻችን ልብስ ያጠቡበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ አንድ ነገር ልብ አሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው እንዶዱ እንደሆነ ደረሱበት። በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 "አማራጭ ኖቤል" እየተባለ የሚጠራውን ሽልማት ከባልደረባቸው ጋር ተሸለሙ። ወንዙ ዳር ስንቱ ሰው አልፏል! እሳቸው ቆም ብለው አዩ። ልጆቻችን እንዲህ ቆም ብለው ማየትን እንዲለምዱ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ባለ 32 ገጽ ደብተር እንሰጣለን፤ ስሙም "የክረምት ደብተር" ነው። የቤት ሥራ አይደለም፤ ማርክም የለውም። ያየውን ይጽፍበታል፤ መጻፍ የማይችል ይስልበታል። አደይ አበባ በሰፈራችሁ መጀመሪያ የፈነዳችው መቼ ነው? የመስቀል ወፍ ታየች ወይ? ብዙ ልጆች ያቺ ወፍ ከሌላ አገር የምትመጣ ይመስላቸዋል። እዚሁ ነው የምትኖረው፤ ክረምቱ ሲወጣ የወንዱ ላባ ስለሚደምቅ ነው ዓይን ውስጥ የሚገባው። ሽመላ ግን በእርግጥም ከአውሮፓ ድረስ ይመጣል፤ በጋውን ማሳችን ላይ ሲለቅም የምናየው ነጩ ሽመላ ከዚያ የመጣ ነው። አባቶች፣ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሰዓት ስጡና ከልጃችሁ ጋር ዞር ዞር በሉ። ስልካችሁ ኪስ ውስጥ ይሁን። የማታውቁትን ዛፍ "አላውቀውም፤ እስቲ ጋሽ እገሌን እንጠይቅ" በሉት። አባት ሲጠይቅ ያየ ልጅ መጠየቅ አያፍርም።

ዛፍ ጌጥ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ብዙ ሳይቆይ በዙሪያዋ ያለው ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ተቆርጦ አለቀ። አፄ ምኒልክ ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ አድጎ ማገዶውን ባይሸፍን ኖሮ ዋና ከተማችን ዛሬ ሌላ ቦታ ትሆን ነበር ይሆናል። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ዓይናቸው ይፈጣል። እናንተም ንገሯቸው።

ፌስታልን ሳላነሳ አላልፍም። ባለፈው ፋሲካ እኛ ሰፈር በቅርጫ የታረደው በሬ ጨጓራው ሲከፈት የተጠቀለለ ፌስታል ወጣ፤ ሁለት ጭብጥ ይሆናል። ልጆች ቆመው ያያሉ። አራጁ "ይሄማ የተለመደ ነው" ብሎ ወረወረው። ወዲያው ውሻ ይዞት ሄደ። ያ ፌስታል ከሰማይ አልወረደም፤ ከእኛው ደጃፍ የተጣለ ነው። ከብቱ ያልበላውን ደግሞ ጎርፍ ይወስደዋል። ከቦያችን ወደ አቃቂ ወንዝ፣ ከአቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። እኛ ቱሉ ዲምቱ ላይ የጣልነው አፋር ያለ እረኛ ግመሎቹን ወደሚያጠጣበት ውሃ ይወርዳል። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። አዋጁን ልጆቹ አያነቡትም። እናታቸው ገበያ ስትሄድ ዘንቢል ማንሳቷን ግን ያያሉ። አደራ፣ ፌስታልና ላስቲክ ግቢ ውስጥ አታቃጥሉ፤ ጭሱን የሚተነፍሱት እነሱ ናቸው።

አንድ ማሳሰቢያ። "ልጆቹን ወደ ውጭ አውጡ" ስል ብቻቸውን ልቀቋቸው ማለቴ አይደለም። በክረምት ድንጋይ የወጣባቸው የካባ ጉድጓዶች ውሃ ይሞላሉ፤ ከላይ ሲታዩ ጥልቅ አይመስሉም። ወንዙም ላይኛው ሰፈር ሲዘንብ እዚህ ሳይዘንብ ይሞላል። ያለ ትልቅ ሰው ውሃ ዳር እንዳይሄዱ።

የችግኝ እደላው ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በትምህርት ቤቱ ግቢ ነው። ወይራ፣ ዋንዛና ጽድ አለን። ግቢ የሌላችሁ የጤና አዳም ወይም የጎመን ችግኝ ትወስዳላችሁ። ለአንድ ልጅ አንድ ችግኝ ብቻ ነው የምንሰጠው፤ አሥር ተክሎ ከማድረቅ አንድ ቢያሳድግ እመርጣለሁ። ልጁ ለችግኙ ስም ያወጣለታል፤ ስሙን መዝገብ ላይ እናሰፍራለን። ጥር ላይ ደግሞ ስሙን ጠርተን "እንዴት ናት?" ብለን እንጠይቀዋለን። አያቶች ቢመጡልን ደስ ይለናል፤ ወንበርና ቡና አዘጋጅተናል። መያዣ ካርቶን ወይም ዘንቢል ይዛችሁ ኑ፤ ፌስታል በር ላይ አናስገባም።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት

ማስታወሻ፦ እስስት ያየ ልጅ ካለ፣ ቦታውንና ቀኑን በክረምት ደብተሩ ላይ ይጻፍልኝ። ቢሮዬ በር ላይ የቆመው ልጅ መልስ እየጠበቀ ነው።