የባቡር ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ደወሉ እስኪመልስ

በጥቅምት ወር ክበባችን ሲመሠረት 31 ተማሪዎች ተመዘገቡ። አብዛኞቹ የመጡት በባቡር የምንሄድ መስሏቸው ነው። የዘንድሮው ትምህርታችን ባቡሩን ስለሚያስኬደው ሰው ሳይሆን ስለሚያስቆመው ሰው መሆኑን ስነግራቸው ብዙዎቹ ፊታቸው ጠቆረ፤ ኅዳር ሲገባ 17 ብቻ ቀሩ። ይህ ዘገባ የእነዚህ 17 ልጆች ሥራ ነው።

ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ፤ ከተማዋም በዙሪያው በቀለች። አዲስ አበባ የገባው ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው። በክፍሌ ውስጥ ቤተሰቡ የባቡር እንጀራ ያልበላ ተማሪ ማግኘት ይከብዳል። ሆኖም ልጆቹ የሚያውቁት ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ነው። በከዚራ ያለው አሮጌው ጣቢያ ለእነርሱ በአጠገቡ የሚያልፉበት አጥር ብቻ ነበር።

በኅዳር ወር ወደዚያ አጥር ውስጥ ገባን። የአንዲት አባላችን አያት፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በምድር ባቡር የሠሩ አባት፣ ከፊት ከፊት እየሄዱ አስጎበኙን። በሐዲዶቹ መካከል የሣር ቁጥቋጦ በቅሏል። ባቡሩን ከአንድ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያሻግር አንድ የሐዲድ ማዞሪያ ከነክብደቱ በዝገት ተይዞ ቆሟል፤ አራት ልጆች ተባብረው ቢገፉት ንቅንቅ አላለም። አባባ ግን እጃቸውን አሳርፈውበት ረጅም ሰዓት ቆሙ። ከዚያም ስለ መንገዱ ያወሩልን ጀመር፦ በኤረር ብርቱካን በመስኮት እየተቀበሉ ስለሚገዙት ተሳፋሪዎች፣ ባቡሩ በቆመ ቁጥር ስለሚሰማው የሻጮች ጩኸት፣ ከእርሳቸው በፊት በነበረው ዘመን ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው አንድ ሌሊት በአዋሽ፣ አንድ ሌሊት በድሬዳዋ እያደረ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ስለመድረሱ። ሦስት ቀን አብረው የተጓዙ ሰዎች ጅቡቲ ሲወርዱ ተቃቅፈው ይለያዩ እንደነበር ከአባታቸው መስማታቸውን ነገሩን። እኔ የአሮጌውን ባቡር ጉዞ እስከ ዛሬ የምወደው ለዚህ ነው፤ ጊዜው ረጅም ስለነበር ሰው ከሰው ጋር ለመተዋወቅ ይበቃ ነበር።

ሐዲዱ ነጠላ እንደነበረና ሁለት ባቡሮች መተላለፍ የሚችሉት በጣቢያ ላይ ብቻ እንደሆነ ሲነግሩን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጁን አወጣ። «ታዲያ ወዲያ ማዶ ሌላ ባቡር አለመነሣቱን ለነጂው ማን ይነግረዋል?» የዓመቱ ሥራችን በሙሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለግ ሆነ።

መልሱን ፍለጋ ባቡር ወደ ተወለደበት አገር፣ ወደ ብሪታንያ ተሻገርን። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሮችን የሚለያያቸው ሰዓት ነበር፤ አንዱ ከሄደ የተወሰኑ ደቂቃዎች በኋላ ሌላው ይከተላል። የፊተኛው መንገድ ላይ ቢቆምስ? እ.ኤ.አ. በ1889 በአየርላንድ አርማ ከተማ አቅራቢያ የሆነው ይህ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ለሽርሽር የጫነ ባቡር ዳገት ላይ አቃተው፤ ተፈትተው የቀሩት የኋላ ፉርጎዎች ቁልቁል ተንሸራትተው ከሚከተለው ባቡር ጋር ተጋጩ። ወደ 80 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት የብሪታንያ ፓርላማ ባወጣው ሕግ ባቡሮች በሰዓት ሳይሆን በቦታ እንዲለያዩ ተደረገ፦ ሐዲዱ ይከፋፈላል፣ በአንድ ክፋይ ውስጥ አንድ ባቡር ብቻ ይገባል።

የክፋዩ ጠባቂ በምልክት ማማ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ነው። ማማው ዙሪያውን መስኮት ነው፤ ወለሉ ላይ ረጃጅም የብረት እጀታዎች ተደርድረው ይቆማሉ። በእንግሊዝ ሽሩስበሪ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1903 የተሠራው ማማ 180 እጀታዎች አሉት። ቀዩ እጀታ የ«ቁም» ምልክትን፣ ማለትም በምሰሶ ላይ ያለውን ክንድ፣ ጥቁሩ ደግሞ የሐዲድ ማዞሪያን ያንቀሳቅሳል። ሠራተኛው የእጁ ላብ ብረቱን እንዳያዝገው እጀታውን በጨርቅ ይይዛል። ከወለሉ በታች ደግሞ እርስ በርስ የሚቆላለፉ ብረቶች አሉ፤ ማዞሪያው በትክክል ካልዞረ የምልክቱ እጀታ አይሳብም። ይህንን ሐሳብ ጆን ሳክስቢ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1856 የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል። የፊዚክስ መምህር እንደመሆኔ እላለሁ፤ የሰው ስሕተት ገና ሳይፈጸም በብረት ጥርስ የሚያዝበት ከዚህ የሚያምር ሥራ አላየሁም።

ከጥር እስከ መጋቢት የራሳችንን ሠራን። አንዱን ማማ በላቦራቶሪ፣ ሌላውን በቤተ መጻሕፍት አቆምን፤ በመካከላቸው በኮሪደሩ ላይ ከቀጭን ብረት የ18 ሜትር ሐዲድ ዘረጋን። እጀታዎቹ ከእንጨት፣ ገመዶቹ ከአሮጌ ብስክሌት ፍሬን ናቸው። መቆላለፊያውን ሦስት ጊዜ አፍርሰን ሠራነው። ሁለቱ ማማዎች የሚነጋገሩበትን ደወል የአሥረኛ ክፍል ልጆች ምስማር ላይ የመዳብ ሽቦ ጠምጥመው ሠሩት። ቋንቋውንም ተማርነው፦ ሁለት ምት «ባቡሩ ወደ ክፋዩ ገብቷል»፣ ሁለት ምትና አንድ ምት «ባቡሩ ከክፋዩ ወጥቷል»።

በመጋቢት ስለ ኩዊንቲንስሂል አደጋ አነበብን። እ.ኤ.አ. ግንቦት 22 ቀን 1915 በስኮትላንድ አንድ የማማ ሠራተኛ በመስኮቱ ፊት ለፊት የቆመ ባቡር ረሳ። ያውም ራሱ በዚያው ባቡር ተሳፍሮ ወደ ሥራው የመጣ ነው። ወታደሮች ለጫነ ሌላ ባቡር መንገድ ከፈተ፤ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ሐዲዱ መያዙን እንዲያስታውስ እጀታው ላይ መጠለቅ የነበረበት ቀለበት አልጠለቀም ነበር። በማግስቱ ልጆቹ ሳላዛቸው ከፕላስቲክ ቧንቧ ቀለበት ቆርጠው መጡ።

አንዱ ደግሞ በ1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ከ400 በላይ ወገኖቻችን ያለቁበትን አደጋ አንሥቶ ምልክት ቢኖር ያድናቸው እንደነበር ጠየቀኝ። ያ ባቡር ከሐዲዱ የወጣው በጥምዝ ላይ ከመጠን በላይ ስለፈጠነ መሆኑን ነገርኩት። የምልክት ክንድ የነጂውን ፍሬን አይይዝለትም። ያን ቀን ሥራችንን አቋርጠን ዝም ብለን ተቀመጥን።

በግንቦት የወላጆች ቀን ለእይታ ቀረብን። በላቦራቶሪው ማማ የቆመችው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ከክበቡ አባላት ትንሿ። የመጀመሪያውን ጋሪ ላከች፣ ቀለበቱን እጀታው ላይ አጠለቀች፣ መልስ ጠበቀች። ደወሉ ዝም አለ። እንግዶቹ በኮሪደሩ ተጨናንቀዋል። ርዕሰ መምህራችን ጋሪው ሲደርስ በዓይናቸው አይተው ስለነበር «ደርሷል ልጄ፣ ሁለተኛውን ልቀቂው» አሏት።

«ጋሼ፣ ደወሉ አልመለሰልኝም» አለች፤ እጇ ከጨርቁ አልተነሣም።

እኔም ጋሪው መድረሱን አውቃለሁ፤ ነገር ግን አልተናገርኩም። እርሷ አንዱን አባል በሩጫ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ላከችው። በዚያኛው ማማ ሠራተኛ የተፈረመ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ሰዓቱን አየች፣ በመዝገቡ ላይ ጻፈች፣ ቀለበቱን አወጣች፣ ከዚያ እጀታውን ሳበች። የምልክቱ ክንድ ዝቅ አለ፤ መንገዱ ተከፈተ። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን እንዲያዩት ጠየቁ፤ አሁን በቢሯቸው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

ሽቦው የተበጠሰው በቤተ መጻሕፍቱ በር ሥር ነበር። በክረምቱ በቧንቧ ውስጥ እናሳልፈዋለን። ለመጪው ዓመት 40 ሜትር የመዳብ ሽቦና ሁለት ባትሪዎች ያስፈልጉናል፤ ጨርቅ ግን ወላጆች ከበቂ በላይ አምጥተውልናል። ክበቡ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በላቦራቶሪ ይሰበሰባል።