ኦራክል ወይስ ነፃው ክላስተር?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባንክም ሆነ ቢሮ ስንሄድ «ሲስተም የለም» መባል ሰልችቶናል። መፍትሔው ሲነሳ አንዱ «ኦራክል የተባለውን የዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ሶፍትዌር ገዝተን እንገላገል» ይላል፣ ሌላው «ነፃ ሶፍትዌር እያለ ለምን ዶላር እናወጣለን?» ይላል።

የኦራክል ራክ፣ ማለትም አንድን ዳታቤዝ በብዙ ሰርቨሮች ላይ በአንድነት (በክላስተር) የሚያሠራው፣ ጎበዝ ነው፣ አንዱ ሰርቨር ሲወድቅ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ግን ሁሉም ሰርቨሮች የሚጠቀሙት አንድ የጋራ ማከማቻ ነው፤ ማከማቻው ከተበላሸ ወይም ሕንፃው በሙሉ መብራት ካጣ ራክ ብቻውን አያድንም፣ ዳታ ጋርድ በተባለው የኦራክል መሣሪያ ሌላ ቦታ የዳታቤዙን ቅጂ መያዝ የግድ ነው። ፈቃዱ ደግሞ ውድ ነው።

እኔ ለነፃው ዳታቤዝ ለፖስትግሬስና ዋናው (መሪው) ማሽን ሲወድቅ ሌላ መሪ እንዲተካ ለሚያደርገው ለፓትሮኒ አደላለሁ። ቅጂው በየማሽኑ ለየብቻ ይቀመጣል፣ የፈቃድ ክፍያም የለም። ነገር ግን መሪ የሚመረጠው በብዙኃን ድምፅ ስለሆነ ቢያንስ 3 ማሽን ይፈልጋል። በ2 ብቻ ከተሠራ አንዱ ሲወድቅ ሌላውም መወሰን አቅቶት ይቆማል፤ ይሄን ቁጠባ ብለው የሚያቀርቡ አሉ፣ በጣም ያናድደኛል።

ባለሙያም ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ በሆነው ድረ ገጽ በጊትሃብ ላይ ለ43 ሰከንድ ኔትወርክ ተቋረጠ። ዳታቤዙን ማይኤስኪውኤልን የሚቆጣጠረው ሶፍትዌር በራሱ መሪ ቀየረ፣ በሁለቱ የአሜሪካ ዳርቻዎች ያሉት ዳታ ሴንተሮች እያንዳንዳቸው ሌላኛው ጋ የሌለ መረጃ ያዙ፣ ያንን አስታርቆ አገልግሎቱን ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ከ24 ሰዓት በላይ ፈጀ።

ስለዚህ ጋዜጠኞቻችሁ «ሲስተም የለም» የሚሉትን ተቋማት ይህን ይጠይቁልን፦ ዋናውን ሰርቨር ሆን ብላችሁ አጥፍታችሁ የሞከራችሁት መቼ ነው?

አንድ የዳታቤዝ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ