ጣይቱን ትጻፍ ላሉት ነገር

እንደምን ሰነበቱ አባባ፣ እኛ ደህና ነን ተመስገን፣ የጎንደር ብርድ ብቻ ነው ያስቸገረን። በስልክ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አላግባባ ስላለን ነው የምጽፍሎት፣ እህቴ ታንብብሎት።

ነገሩ ልጅቷ ለውጭ ኮሌጅ ማመልከቻ የምትጽፈው ኤሴ ነው። እርሶ «ጣይቱ እያለች ሌላ ሴት ምን ያደርግላታል» ካሏት ወዲህ ጭንቅ ውስጥ ገብታለች፣ ቃሎትን መጣስ አልሆነላትም። እኔም ጣይቱን ጠልቼ አይደለም፣ የውጫሌን 17ኛ አንቀጽ እምቢ ማለቷን፣ መቀሌ ላይ የጣልያንን ውሃ መቅጃ ማስያዟን ከርሶ አፍ ነው የሰማሁት። ግን ኮሌጁ ማወቅ የሚፈልገው ጣይቱን ሳይሆን ልጅቷን ነው። ጥያቄው ተጽዕኖ ስላሳደረችብሽ ሴት ጻፊ ይላል እንጂ፣ አንብቦ የሚጨርሰው ሰው ስለ አመልካቿ ምንም ካላወቀ ወረቀቱን አስቀምጦ ወደ ሌላው ነው የሚሄደው። ኮመን አፕ በሚሉት የኢንተርኔት ማመልከቻ ላይ ደግሞ ዋናው ኤሴ ከ650 ቃል አይበልጥም፣ አድዋን ብቻ ስትተርክ ያልቅባታል። የጣይቱን ድራፍቷን አይቼዋለሁ እኮ፣ የታሪክ ፈተና መልስ ነው የሚመስለው፣ «እኔ» የምትለው የመጨረሻው መስመር ላይ ብቻ ነው፣ እሱም «እኔም እንደሷ ጀግና መሆን እፈልጋለሁ» ነው። ይሄንን ማን ያቅተዋል?

አሁን የያዘችው እቴጌ ምንትዋብን ነው። ቤተ መንግሥቷ የነበረባት ቁስቋም ቅርባችሁ ስለሆነች ነው ይሉ ይሆናል፣ እሱም አለበት። ለኅዳር ቁስቋም ንግሥ ወጥተን ሕዝቡ ሲቀንስ ፍርስራሹ ጋ ሄድን፣ ግድግዳው ላይ በቀይ ድንጋይ የተሠሩትን መስቀሎች በጣቷ እየዳሰሰች ዝም ብላ ቆየች፣ ከዛ የእቴጌዋ፣ የልጇና የልጅ ልጇ አፅም አንድ ላይ ነው ሲባል ለምን ብላ ያዘችኝ። እርሶ ከኔ በላይ ያውቁታል፣ ባሏ አፄ በካፋ በፈረንጅ 1730 ሲሞት ልጇ ኢያሱ ገና ትንሽ ስለነበር እሷ ዘውድ ደፍታ መንግሥቱን ያዘች፣ ኋላ ሰላም ይሆናል ብላ ልጇን ከወሎዋ ውቢት ጋር አጋባችው፣ 1755 ኢያሱ ሲሞት ግን የቋራ ዘመዶቿና የውቢት ወገኖች በልጅ ልጇ በኢዮአስ ዙሪያ ሥልጣን ተናጠቁ፣ የትግሬው ገዥ ራስ ሚካኤል ስሁል ተጠርቶ መጣ፣ 1769 ላይ ኢዮአስ ተገደለ። ብሩስ የሚባለው ፈረንጅ በዓመቱ ጎንደር ሲገባ እቴጌዋ ቁስቋም ሐዘን ላይ ነበረች።

ታዲያ ልጅቷ ምን አለች መሰሎት፣ «እኔም እኮ ያደረኩት ይሄንኑ ነው!»። ትምህርት ቤት የሴቶች ክበቡንና ሚኒ ሚዲያውን አንድ ያደረገቻቸው እሷ ናት፣ ማይክራፎኑን እንጋራለን ተባብለው፣ ከዛ ጠዋት ሰልፍ ላይ ማን ያንብብ በሚል ተጣልተው አሁን ጭራሽ አይነጋገሩም፣ ሁለቱም ወገን የሚወቅሰው እሷን ነው። ማቀራረቧ ነው ያጣላቸው ወይስ ከመጀመሪያው ማን ምን እንደሚያጣ አለመጠየቋ፣ እሱን ነው የምትጽፈው። መልሱን አላገኘችውም፣ ግን ይሄን ጽሑፍ ከሷ በቀር ማንም አይጽፈውም። ደሞ እውነቱን ልንገሮት፣ ስለ ሴት ሲጻፍ ሁሌ ያሸነፈችዋ ብቻ መሆኗ ይሰለቸኛል።

ስለዚህ አባባ፣ እሁድ ስትደውልሎት እባኮት ጣይቱን አያንሱባት። ይልቅ የእቴጌዋን ወንድም የራስ ወልደ ልዑልን ነገር ይንገሯት፣ እሱ በሕይወት እያለ ሁለቱ ወገኖች እንዴት ተይዘው እንደቆዩ ገና አልገባትም፣ ከኢንተርኔት ከምትለቃቅም ከርሶ ብትሰማ ይሻላታል። እንግሊዝኛውን ለኔ ተዉት፣ እኔም ሰዋስው ብቻ ነው የማርመው ብያታለሁ።

ሽሮና በርበሬውን በሹፌር ልኬያለሁ፣ እስከ ማታ ካልደረሰ እህቴ መናኸሪያ ሄዳ ትጠይቅ። የዓይን ቀጠሮው ቀን ሲታወቅም ቴክስት ታርግልኝ፣ ፈቃድ ከሰጡኝ እኔው መጥቼ ወስዶታለሁ።