የቴኒኖ የእንጨት ገንዘብ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ 1930ዎቹ የአሜሪካ የኢኮኖሚ ድቀት ሲጻፍ የትልልቅ ከተሞች የዳቦ ሰልፍ ብቻ መነሣቱ ያሳዝናል። በዋሽንግተን ግዛት የምትገኘው ትንሿ ቴኒኖ መታወስ ይገባታል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1931 የከተማዋ ባንክ ሲዘጋ ገበያው ዝርዝር ገንዘብ አጣ። ንግድ ምክር ቤቱ መላ ዘየደ፦ አስቀማጮች ከታገደው ሒሳባቸው እስከ 25 በመቶ ድረስ ለምክር ቤቱ አስተላልፈው በምትኩ የመገበያያ ኩፖን ይወስዳሉ።

ኩፖኑ መጀመሪያ ወረቀት ነበር። ቀጥሎ የከተማዋ ጋዜጣ ማተሚያ ቤት በስሱ በተላገ የስፕሩስና የሴዳር እንጨት ላይ አተመው። ነጠላው እንጨት ግን ሲታጠፍ እየተሰነጠቀ አስቸገረ፤ ኪስ ውስጥ የሚበረክት አልነበረም። ስለዚህ በሁለት ስስ እንጨቶች መካከል ወረቀት አስገብተው አጣበቁት።

ሰብሳቢዎች ለማስታወሻ ስለተሻሙበት አብዛኛው ኩፖን ለምንዛሪ ተመልሶ አልመጣም።

አንድ አንባቢ