አጽም ማንበብን የተማሩት ልጆች

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ተማሪዎቼን መስቀል አደባባይ ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በወሰድኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ «ቲቸር፣ ይሄ አጽም የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

አጽም መርምሮ የሟቹን ማንነት ይለይ ስለነበረው አሜሪካዊ ባለሙያ፣ ስለ ክላይድ ስኖው የምነግራቸው ያኔ ነው። ስኖው የቴክሳስ ገጠር ሐኪም ልጅ ነበር። ኦክላሆማ ሲቲ ተቀምጦ የአውሮፕላን አደጋ የሰውን አካል እንዴት እንደሚጎዳ ለዓመታት አጠና። እ.ኤ.አ. በ1979 ቺካጎ ላይ በአውሮፕላን አደጋ 273 ሰው ሲያልቅ አስከሬን በመለየቱ ሥራ ተሳትፏል። ይህ ብቻውን ትልቅ ሙያ ነው፤ እኔ ግን የማከብረው ከዚያ በኋላ ባደረገው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 አርጀንቲና ሲደርስ ወታደራዊው አገዛዝ ደብዛቸውን ያጠፋቸው ሰዎች መቃብር በዶዘር እየተቆፈረ አጽሙ ይሰባበር፣ ይደባለቅ ነበር። አብረውት ጉድጓድ የወረዱት የአንትሮፖሎጂ፣ የአርኪዮሎጂና የሕክምና ተማሪዎች ናቸው። አፈሩን በትንሽ ማንኪያና በብሩሽ ማንሳት አስተማራቸው። ዳሌ ወንድን ከሴት እንደሚለይ፣ ጥርስ ዕድሜን እንደሚጠቁም፣ በልጅነት ተሰብሮ የዳነ ክንድ እናት ከምትናገረው ጋር እንደሚመሳከር አሳያቸው። ቀን እንዲሠሩ፣ እንባቸውን ለማታ እንዲያቆዩት ይመክራቸው ነበር። በ1985 ጄኔራሎቹ ለፍርድ ሲቀርቡ እሱም ቀርቦ አጽሙ የሚለውን መሰከረ። እነዚያ ተማሪዎች የአርጀንቲና ፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ (ለፍትሕ ሲባል አጽም የሚመረምር) ቡድን ሆኑ።

ይኸው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እኛው አገር መጥቶ ከልዩ ዐቃቤ ሕግ ጋር የቀይ ሽብር መቃብሮችን ከፈተ። ከሟቾቹ አንገት ላይ የናይሎን ገመድ ተገኘ። ስኖው ቦነስ አይረስ ላይ ያስተማረው ትምህርት ልጃቸውን ለዓመታት ሲጠብቁ ለነበሩ የአዲስ አበባ እናቶች ደረሰ ማለት ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪዬ ይህን ሙያ ልማር ብላ ቆርጣ ተነሳች። ላቦራቶሪ ገብታ ለአንድ ቀን እንኳ እንድታይ ለአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁለቴ ተመላለስኩ፤ መልስ የለም። የሥራው ምስጢርነት ይገባኛል። አስከሬን አሳዩዋት አላልኩም። አጥንት እንዴት እንደሚለካ፣ ማስረጃ እንዴት እንደሚታሸግ፣ ሪፖርት እንዴት እንደሚጻፍ ማሳየት ግን ምስጢር የሚያወጣ አይመስለኝም።

በአስከሬን ምርመራም ሆነ በፖሊስ ላቦራቶሪ የምትሠሩ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ በዓመት አንድ ቀን ስጡን። ልጅቷ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ሐሳቧን አልቀየረችም። የሚቀበላት ካለ አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ አለ።

የባዮሎጂ መምህር፣ ከአዲስ አበባ