ፋይሉ አለ፣ ፊደሉ የለም፦ ለወመዘክር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በኮምፒውተር የተጻፉ የመንግሥት ሰነዶች ሳይነበቡ እንዳይቀሩ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

አራት ኪሎ የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ሲቪ አሳምራለሁ፣ ሰነድ ስካን አደርጋለሁ። የከተማው ደብዳቤ ግማሹ በእኔ ሱቅ የሚያልፍ ይመስለኛል። አጋንኜ ከሆነ ይቅርታ። ከላይ በመደበኛ ስማችሁ ጠራኋችሁ እንጂ እኛ ሰፈር ዛሬም ወመዘክር ነው የምንላችሁ።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ፍላሽ በመሐረብ ጠቅልለው መጡ። የቤት ጉዳይ ነው። በ1994 ዓ.ም. አንድ መሥሪያ ቤት የጻፈላቸው የውሳኔ ደብዳቤ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅር። የወረቀቱ ፋይል ቢሮው ሲዛወር የት እንደገባ አልታወቀም። መዝገብ ቤቱ ፈልጎ ፈልጎ ያገኘው በአሮጌ ኮምፒውተር የቀረውን ፋይል ብቻ ነው። እሱንም ፍላሽ ላይ ገልብጠው «የሆነ ቦታ ያስከፍቱት» ብለው ሸኟቸው።

ከፈትኩት። አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። የፈረንጅ ፊደል፣ የጥያቄ ምልክት፣ ባርኔጣ የደፉ ኦዎች፣ አንዳንድ ቦታ ባዶ ሳጥን።

«ተበላሽቷል ማለት ነው?» አሉኝ።

«አልተበላሸም እማማ። የተጻፈበት ፎንት ነው የሌለው።»

መሳቢያዬ ውስጥ የድሮ ፎንቶች ያሉበት አሮጌ ሃርድ ዲስክ አለ። አንዱን ጫንኩ። አማርኛ መጣ፣ ግን ቃል አልሆነም። ፊደሎቹ የእኛ ናቸው፣ ንባቡ የማንም አይደለም። ሌላ ሞከርኩ። ሦስተኛው ላይ ደብዳቤው ብቅ አለ። ስማቸው፣ የቤት ቁጥሩ፣ ውሳኔው፣ ሁሉም አለ። አትሜ ሰጠኋቸው። መረቁኝና ሄዱ።

በማግስቱ ተመለሱ። ፋይሉን የሰጣቸው ያው መሥሪያ ቤት «ማህተም ያለበት ይምጣ» ብሏቸዋል።

ለእናንተ እንድጽፍ ያደረገኝ ይሄ ነው።

ለአንባቢም ነገሩን ላስረዳ። በ1980ዎቹ ቢሮዎቻችን የገቡት ኮምፒውተሮች አማርኛ አያውቁም ነበር። ያስተማሯቸው እንደ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ብራና ያሉ ፕሮግራሞች ናቸው። የሠሯቸው ባለሙያዎች ትልቅ ውለታ ውለውልናል። ዘዴው ግን የጊዜው ዘዴ ነበር። በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ የእኛን ፊደል ምስል አስቀመጡ። ኮምፒውተሩ የፈረንጅ ፊደል የጻፈ ይመስለዋል፣ እኛ ስክሪኑ ላይ አማርኛ እናያለን። በዚያ ላይ አንድ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነው የነበረው። ፊደላችን ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ እዚያ ውስጥ አይበቃም። አንዱ ሠሪ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው። ሌላው ቅጥያውን ለብቻው እየሰካ ሠራው። ሁሉም በየራሱ መንገድ ስለሄደ፣ አንዱ «ለ»ን ያስቀመጠበት ቦታ ላይ ሌላው «መ»ን ሊያስቀምጥ ይችላል። ትክክለኛው ፎንት ከሌለ ፋይሉ ዲዳ ነው።

ዩኒኮድ የሚባል፣ ኮምፒውተር ሁሉ እንዲግባባበት ለዓለም ፊደሎች አንድ ወጥ ቁጥር የሚሰጥ የጋራ ደንብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው 3.0 እትሙ ለግዕዝ ፊደል ቋሚ ቦታ ሰጠው። የአገሪቱን መዛግብት እንድትሰበስቡና እንድትጠብቁ ኃላፊነት የሰጣችሁ አዋጅ ቁጥር 179/1991ም የወጣው በዚያው የፈረንጅ ዓመት ነው። አዋጃችሁና የግዕዝ ዩኒኮድ እኩዮች ናቸው። ዊንዶውስ ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ የመጣው ግን ከዓመታት በኋላ፣ በቪስታ ነው። ያኔም ልማድ ቶሎ አልለቀቀም። ዛሬም በአሮጌው ፎንት የሚጽፍ ቢሮ አለ። ደንበኞቼ ፋይሉን ይዘው ስለሚመጡ አውቃለሁ።

ፒዲኤፍ ስላደረጉት የዳነ የሚመስላቸው አሉ። ለዓይን ድኗል። ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ስትለጥፉት ግን ያው ዝባዝንኬ ይወጣል። በውስጡ ቃል ስትፈልጉ «የለም» ይላችኋል። ስካንም ብዙ አይሻልም፣ ፎቶ ነው። «ዲጂታል አድርገናል» የሚል ሪፖርት ስሰማ የምፈራው ለዚህ ነው። ወረቀቱ ተወግዶ ፎቶው ብቻ ቀርቶ እንዳይሆን።

ከሱቄ ብዙም ሳይርቅ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አለ። በ1934 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ነጋሪት ጋዜጣ ዛሬ ብታመጡልኝ መነጽሬን አድርጌ አነበዋለሁ። ከዚያ 60 ዓመት ዘግይቶ የተጻፈውን የእማማን ደብዳቤ ለማንበብ ግን መሳቢያ መበርበር ነበረብኝ። የእናንተን ብራናዎች ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም የመታሰቢያ መዝገብ አስፍሯቸዋል፣ ኩራታችን ናቸው። የብራናውን ያህል ባይሆንም ለ1990ዎቹ የወርድ ፋይል ትንሽ ጭንቀት ብትጨምሩለት ምን ይመስላችኋል?

እንዲደረግ የምለምነው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። መጀመሪያ ቆጠራ ይደረግ። የትኛው መሥሪያ ቤት በምን ዓይነት ፋይል፣ በምን ፎንት የተጻፈ ሰነድ አለው? የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድሮይድ የሚባል ፕሮግራም ሠርቶ በነጻ ለቆታል። ፋይሎችን አገላብጦ ዓይነታቸውን ይናገራል። የአማርኛ ፎንቶቹን አያውቃቸውም፣ እሱ የእኛ ሥራ ነው። ፎንቶቹን የሠሩና በእነሱ ሲጽፉ የኖሩ ሰዎች ገና በሕይወት አሉ። ጸሐፊ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ። አንዷ ብቻ አይታ «ይሄማ የእገሌ ፎንት ነው» ትላለች። የእሷን እውቀት በጊዜው ጻፉት።

ከዚያ ወደ ዩኒኮድ ይገልበጥ፣ የመጀመሪያውም ፋይል እንዳለ ይቀመጥ። አገላባጩ ሲሳሳት የምንመለስበት ያስፈልገናል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው ደግሞ ተራ ፒዲኤፍ ሳይሆን ፒዲኤፍ ኤ ይሁን። ፎንቱን በሆዱ ይዞ ነው የሚሄደው። ከዓይነቶቹም ጽሑፉን በዩኒኮድ መያዝ ግድ የሚለው፣ 2ዩ የሚባለው ይሻለናል። ይሄን ለባለሙያዎቻችሁ መንገሬ ድፍረት ከሆነ ይቅር በሉኝ።

የማህተሙ ነገርስ? አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል። መዝገብ ቤት ውስጥ ግን ማህተም የሌለው ፋይል እንደ ወሬ ነው የሚቆጠረው። አልፈርድባቸውም። ማን እንደጻፈው፣ በኋላ ማን እንደነካካው በምን ያውቃሉ? መፍትሔው ፋይሉ ገና ሲገባ የጣት አሻራውን መውሰድ ነው። ሀሽ ይሉታል። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትቀየር አሻራው ይለወጣል። በየዓመቱ እያመሳከራችሁ፣ ሲጠየቅ «ይሄ ያኔ የተረከብነው ራሱ ነው» ብላችሁ የእናንተን ማህተም ብታሳርፉበት እማማ አይጉላሉም ነበር። የተፈረመው ወረቀት ካለ ደግሞ ይህ ሁሉ አልቆ እስኪጣራ ድረስ አንድም ቅጠል አይወገድ።

ቀኑንም አትርሱ። ፋይሉ «2005» ይላል። በእኛ ነው በእነሱ? ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ይቆጥራል፣ ደብዳቤው በእኛ። የሰባትና ስምንት ዓመት ልዩነት ፍርድ ቤት ውስጥ ቀልድ አይደለም። ስም ስትመዘግቡም ኃይሉና ሀይሉ አንድ ሰው መሆናቸውን ሲስተሙ ይወቅ። አለበለዚያ መልሱ «አልተገኘም» ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2014 ዓ.ም. ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች እንደገና ሲዋቀሩ ብዙዎቹ ተዋህደዋል፣ ስም ቀይረዋል። ስም ሲቀየር ድረ ገጽ ይቀየራል። የድሮው ላይ የነበረውን መመሪያና ማስታወቂያ ማን ሰበሰበው? ዛሬ ደግሞ ማስታወቂያው ሁሉ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ነው። ሰው እኔ ጋ መጥቶ «ቴሌግራም ላይ የወጣውን አትምልኝ» ይላል። የፌስቡክ ገጽ የመንግሥት መዝገብ ቤት አይደለም። ባለቤቱ ሌላ አገር ነው፣ በዘጋው ቀን ይዘጋል። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የለጠፈውን ቅጂ በየጊዜው ለእናንተ እንዲያስረክብ ብትጠይቁ አዋጃችሁ ጉልበት ይሆናችኋል ብዬ አምናለሁ።

ያ ሃርድ ዲስክ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ሲነሳ ድምፅ ማሰማት ጀምሯል፣ ብዙ የሚቆይ አይመስለኝም። ፍላሽ የያዘ ሰው ብትልኩ ያለኝን ሁሉ ገልብጬ እሰጣለሁ፣ ሒሳብ የለውም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነኝ።

ከሰላምታ ጋር
የጽሑፍ ቤቱ ባለቤት፣ አራት ኪሎ

ግልባጭ፦
ለእማማ
ለመዝገብ ቤት (በወረቀት)